በሁለት መንግሥት መካከል የቆመ ሹም፦ አርኖልድ ሪዩቴልና የኢስቶኒያ ነጻነት



ስለ አገር ነጻነት ሲወራ ዓይናችን ቶሎ የሚሄደው ወደ አደባባዩ ነው። ባንዲራ ይዞ የወጣውን ወጣት፣ ታንክ ፊት የቆመውን ሕዝብ፣ ከእስር ቤት የወጣውን ታጋይ እናስባለን። ተገቢም ነው፤ ያለ እነሱ የሚሆን ነገር አልነበረም። እኔ ግን ዛሬ ላነሳላችሁ የመጣሁት ሌላ ሰው ነው። በዚያው ሰዓት በመንግሥት ሕንፃ ውስጥ ከጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠውን ሹም። ዕድሜውን ሙሉ አንድን መንግሥት ሲያገለግል ኖሮ፣ ያ መንግሥት ሲፈርስ ማህተሙ በእጁ የተገኘውን ሰው። እንዲህ ያለ ሰው ከማን ጋር ይቆማል? ከዚያስ በኋላ በምን እንመዝነዋለን?

ጥያቄው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ደርግ ዋናውን የጦር መሣሪያ ያገኝ የነበረው ከሶቪየት ኅብረት ነበር፤ የወደቀውም በ1983 ዓ.ም. ግንቦት፣ እሷ ከመፍረሷ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። በዚያ ግንቦት ቢሮ ውስጥ የነበረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ጥያቄውን በራሱ ላይ አይቶታል። የዛሬው ንግግሬ ግን ስለ ኢስቶኒያ ስለሆነ ወደዚያው ልሂድ። ከዚህ በኋላ፣ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር፣ የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኢስቶኒያ በባልቲክ ባሕር ዳር ያለች ትንሽ አገር ናት። በ1989 ቆጠራ ሕዝቧ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ጥቂት ብቻ ይበልጥ ነበር። በ1918 ነጻነቷን አውጃ ሃያ ዓመት ያህል ራሷን ስታስተዳድር ቆየች። በ1939 ነሐሴ 23 ሂትለርና ስታሊን በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮቻቸው እጅ በፈረሙት ምስጢራዊ ውል ለሞስኮ ተሰጠች። በ1940 ሰኔ የሶቪየት ጦር አገሪቱን ያዘ፤ ነሐሴ ላይ ደግሞ የኅብረቱ አባል ናት ተብሎ ታወጀ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ኋላ ለምናገረው ሁሉ መሠረቱ ነውና። የገባው ጦር ቤተ መንግሥቱን ወዲያው አልዘጋም። ፕሬዚዳንት ኮንስታንቲን ፓትስን ለሳምንታት በወንበራቸው አቆይቶ፣ ሞስኮ የፈለገቻቸውን ድንጋጌዎች በእሳቸው ስም ያስፈርም ነበር። ፊርማው ሲያበቃ እሳቸውም ተግዘው ወደ ሩሲያ ተወሰዱ፤ በ1956 እዚያው በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሞቱ። ወራሪ እንኳ ሳይቀር የሕጋዊ ሹም ፊርማ ያስፈልገዋል። ጠመንጃ አገር ይይዛል፤ መዝገብ ቤቱን፣ ግብር ሰብሳቢውን፣ ፍርድ ቤቱን የሚያንቀሳቅሰው ግን ወረቀት ነው፤ ወረቀቱም የታወቀ ስም ይፈልጋል።

አርኖልድ ሪዩቴል የተወለዱት በ1928 ሳሬማ በምትባል ደሴት ነው። አገራቸው ስትያዝ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። በ1949 ከግብርና ትምህርት ቤት ተመረቁ። ያ ዓመት ለኢስቶኒያ ገበሬ የመከራ ዓመት ነው፤ በመጋቢት ከሃያ ሺህ በላይ ሰው፣ አብዛኛው ሴትና ሕፃን፣ በባቡር ተጭኖ ወደ ሳይቤሪያ ተጋዘ፤ የቀረውም ገበሬ መሬቱን ለጋራ እርሻ ማኅበር አስረከበ። ወጣቱ የግብርና ባለሙያ ሥራ የጀመረው እንዲህ በተሰበረ ገጠር ውስጥ ነው። ኋላም የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ሆኑ፤ የመንግሥት እርሻ መሩ፤ ከ1969 እስከ 1977 የግብርና አካዳሚውን በሬክተርነት አስተዳደሩ። ከዚያ ወደ ፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ጸሐፊነት፣ ከዚያም ወደ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርነት ተዛወሩ። በ1983 የጠቅላይ ሶቪየቱ ፕሬዚዲየም ሊቀ መንበር ተባሉ።

ይህ ሥልጣን ምን እንደሆነ በዕድሜ የገፋችሁት በቀላሉ ትረዱታላችሁ። የእኛ የ1979 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ብሔራዊ ሸንጎንና የመንግሥት ምክር ቤትን ያቋቋመው ከዚያው ከሶቪየቱ አሠራር ቀድቶ ነው። ሸንጎው በዓመት ጥቂት ቀን ይሰበሰብ ነበር፤ በመካከሉ በስሙ የሚሠራው ምክር ቤቱ ነበር። ሪዩቴል የያዙት እንዲህ ያለውን ወንበር ነበር። በወረቀት ላይ የሪፐብሊኩ ርዕሰ ብሔር ናቸው፤ ሕግ ሁሉ የሚወጣው በእሳቸው ፊርማ ነው። እውነተኛው ሥልጣን ግን በፓርቲው አንደኛ ጸሐፊ እጅ ነበር፤ አንደኛ ጸሐፊውም ካርል ቫይኖ፣ በሩሲያ ያደጉና ኢስቶንኛውን እንኳ በወጉ የማይናገሩ ሰው፣ ትእዛዝ የሚቀበሉት ከሞስኮ ነው።

ይህን ወንበር በያዙበት በ1983 የጸጥታው መሥሪያ ቤት ኤን ታርቶንና ላግሌ ፓሬክን አስሯል። ሁለቱም ጥፋታቸው ስለ አገራቸው መያዝ እውነቱን መጻፍና ማሰራጨት ነበር። ታርቶ የተለቀቁት በ1988 ነው። ያሰሯቸው ሪዩቴል ናቸው አልልም፤ ወንበሩ ግን ያሰራቸው መንግሥት ወንበር ነው። ይህን ሳልናገር ባልፍ ለታሰሩት ትልቅ በደል ይሆናል። ታጋዮቹ በ1987 ነሐሴ 23 በዋና ከተማዋ በታሊን፣ በሂርቬ መናፈሻ ተሰብስበው የ1939ኙ ምስጢራዊ ውል ይገለጥ ብለው ሲጮኹ፣ ሹማምንቱ ገና ዝም ብለው ነበር። ድፍረቱን የጀመሩት እነዚያ ናቸው።

አሁን ወደ 1988 እንምጣ፤ ለእኔ የዚህ ታሪክ ልብ ያለው እዚያ ነው። በዚያ ዓመት ሰኔ ካርል ቫይኖ ተነሥተው ቫይኖ ቫልያስ ተተኩ፤ ሕዝቡም በመቶ ሺህ እየሆነ በታሊን የዘፈን ሜዳ ይሰበሰብ ነበር። በጥቅምት ሞስኮ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ረቂቅ አወጣች። ረቂቁ የሪፐብሊኮችን መብት ይበልጥ ወደ ማዕከል የሚስብ ስለነበር፣ በኢስቶኒያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የተቃውሞ ፊርማ ተሰበሰበ። ተራው ሰው ስሙንና አድራሻውን ጽፎ ፈርሟል። እንግዲህ ጥያቄው ወደ ሹሙ ዞረ፤ አንተስ?

ኅዳር 16 ቀን 1988 የኢስቶኒያ ጠቅላይ ሶቪየት ተሰብስቦ የሉዓላዊነት መግለጫ አወጀ። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፦ ከእንግዲህ በኢስቶኒያ የበላይ የሆነው የኢስቶኒያ ሕግ ነው፤ የሞስኮ ሕግ እዚህ የሚሠራው ይህ ምክር ቤት ሲቀበለው ብቻ ነው። ምክር ቤቱ በአንድ ፓርቲ የተሞላ፣ የተመረጠውም በአሮጌው ሥርዓት ነበር፤ ሆኖም ድጋፉ ከሞላ ጎደል አንድ ድምፅ ሆነ። ሪዩቴል ፈረሙ።

ኅዳር 26 ወደ ሞስኮ ተጠሩ። የሶቪየት ኅብረት ፕሬዚዲየም ተሰብስቧል፤ ወንበሩ ላይ የሶቪየቱ መሪ ጎርባቾቭ ተቀምጠዋል። አንድ በአንድ እየተነሡ የኢስቶኒያን ውሳኔ አወገዙ። ሪዩቴልም ቆመው ምክር ቤታቸው የወሰነውን ተከራክረው ደገፉ። ስብሰባው መግለጫውን ሕገ መንግሥት ይፃረራል ብሎ ሻረው። ታሊን ግን ውሳኔዋን አላነሳችም፤ በታኅሣሥ ምክር ቤቱ ያወጀውን መልሶ አጸና።

ጊዜውን አስተውሉ። የበርሊን ግንብ ሊወድቅ ገና አንድ ዓመት ያህል ይቀረዋል። የ1956ቱ የሃንጋሪና የ1968ቱ የቼኮስሎቫኪያ ወረራ በሁሉም ዘንድ ይታወሳል። ሶቪየት ኅብረት ትፈርሳለች ብሎ የሚያስብ ሹም የለም። ሪዩቴል ስልሳ ዓመታቸው ነው፤ ዝም ቢሉ ጡረታቸው፣ ክብራቸው፣ መኖሪያቸው የተጠበቀ ነው። እኔ ሹምን የምመዝንበት ሚዛን ይህ ነው፦ ስሙን ያኖረው መቼ ነው? አሸናፊው ከታወቀ በኋላ ወደ አሸናፊው የተሻገረ ባለሥልጣን በየአገሩ ሞልቷል። ውጤቱ ሳይታወቅ የፈረመ ግን ጥቂት ነው። ከታጋዮቹ አንፃር ሪዩቴል ዘግይተዋል፤ በዓመታት ዘግይተዋል። ከሹማምንቱ አንፃር ግን ቀድመዋል። ሊትዌኒያና ላትቪያ ተመሳሳይ መግለጫ ያወጡት በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ሩሲያ ራሷ ያወጣችው በ1990 ሰኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ፈጠነ። በ1989 የካቲት 24 ሰማያዊ፣ ጥቁርና ነጩ ባንዲራ በታሊን ቶምፔአ ኮረብታ በፒክ ሄርማን ግንብ ላይ ተሰቀለ። በነሐሴ 23 ከታሊን በላትቪያዋ ሪጋ አድርጎ እስከ ሊትዌኒያዋ ቪልኒየስ፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ መንገድ ላይ፣ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ቆመ። በታኅሣሥ የሞስኮ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ የ1939ኙን ምስጢራዊ ውል አወገዘ። ይህ ውግዘት ለኢስቶኒያ ሹማምንት ትልቅ መሣሪያ ሆነ፤ ውሉ ከመነሻው ሕገ ወጥ ከሆነ የ1940ው ውሕደትም መሠረት የለውም ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ግን ሪዩቴልን የሚገዳደር ሌላ ጉባኤ ከታች ተነሣ። የዜጎች ኮሚቴዎች የሚባሉ ሰዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ከ1940 በፊት ዜጋ የነበሩትንና ልጆቻቸውን መዘገቡ፤ በ1990 የካቲት የኢስቶኒያን ኮንግረስ አስመረጡ። አቋማቸው ግልጽ ነበር፦ ጠቅላይ ሶቪየት የወራሪው አካል ነው፤ የሪፐብሊኩ ባለቤት ዜጋው ነው፤ ስለዚህ አሮጌው ሹም አዲሱን መንግሥት ሊያዋልድ አይችልም። ይህን ክርክር ማቃለል ትልቅ ስሕተት ነው፤ በሕግ ዓይን የበረታው የእነሱ ነበር። በእጃቸው ግን ፖሊስ የለም፣ በጀት የለም፣ የጡረታ መዝገብ የለም። ሪዩቴል ያሉበት ወገን ደግሞ ይህን ሁሉ ይዞ የሕጋዊነቱ መሠረት ያነክሳል። ሁለቱ ወገኖች እየተነቃቀፉ ጎን ለጎን ሄዱ።

በ1990 መጋቢት በነጻ ምርጫ 105 አባላት ያሉት ምክር ቤት ተመረጠ፤ ሪዩቴልንም ሊቀ መንበሩ አደረገ። መጋቢት 30 ምክር ቤቱ የ1940ው ወረራ ሪፐብሊኩን በሕግ እንዳላጠፋው ገልጾ የሽግግር ጊዜ አወጀ። ኤድጋር ሳቪሳር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የሶቪየት ሕገ መንግሥት አንቀጽ 72 ሪፐብሊኮች የመገንጠል መብት አላቸው ይል ነበር፤ በዚያው ሰሞን ሞስኮ ያወጣችው የአፈጻጸም ሕግ ግን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ እስከ አምስት ዓመት የሚደርስ ጥበቃና የማዕከሉን ማረጋገጫ ይጠይቅ ነበር። ኢስቶኒያ በዚያ በር አልገባችም። እኛ አልተቀላቀልንም፣ ተይዘን ነው፤ ስለዚህ የመገንጠል ማመልከቻ አናስገባም አለች። የመንግሥት ሥራ የምታውቁ የዚህን ክብደት ትረዳላችሁ፤ ፎርሙን ከሞላህ የባለጉዳይነትህን ቦታ አምነህ ተቀበልህ ማለት ነው።

ግንቦት 15 ቀን ነጻነትን የሚቃወሙ ሰልፈኞች በቶምፔአ የመንግሥቱን ግቢ ሰብረው ገቡ። ሳቪሳር በራዲዮ ጥሪ አሰሙ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ኮረብታውን ወጣ። የመጣው ሕዝብ ግን ሰልፈኞቹን አልነካቸውም፤ መሐሉን ከፍቶ መንገድ ሰጥቶ አስወጣቸው። በኢስቶኒያ የነጻነት ትግል ወቅት ሰው አልተገደለም። ዕድልም አለበት፤ በ1991 ጥር 13 በቪልኒየስ የሶቪየት ጦር 14 ሰዎችን ሲገድል ታሊን ተርፋለች። በዚያው ሰሞን ሪዩቴል ከሩሲያው መሪ ከየልትሲን ጋር ሁለቱ ሪፐብሊኮች አንዳቸው የሌላውን ሉዓላዊነት የሚያውቁበትን ውል ተፈራረሙ። ለእኔ ይህ ከሁሉ ብልህ እርምጃቸው ነው። ሞስኮ ውስጥ ሁለት መንግሥት እንዳለ አይተው፣ ከሚወጣው ጋር ቀድመው ሕጋዊ ወረቀት አበጁ።

መጋቢት 3 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ከመራጩ ወደ 83 በመቶው ወጥቶ ወደ 78 በመቶ የሚጠጋው ነጻነትን ደገፈ። በዚህ ድምፅ ላይ የሶቪየት ዘመን ሠፋሪዎችም ተሳትፈዋል፤ ከሩሲያኛ ተናጋሪዎቹ ቀላል የማይባል ቁጥር ነጻነትን መርጧል ማለት ነው። ይህን ወደ ኋላ አስታውሱልኝ።

ነሐሴ 19 ቀን 1991 በሞስኮ መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ። ከሩሲያዋ ፕስኮቭ የተነሣ የጦር ሰልፍ ወደ ታሊን ገሰገሰ። በቶምፔአ ያለው ምክር ቤትና የኢስቶኒያ ኮንግረስ ኮሚቴ፣ እነዚያ ሲነቃቀፉ የኖሩ ሁለቱ ወገኖች፣ ነሐሴ 20 ቀኑን ሙሉ ሲደራደሩ ዋሉ። የተስማሙበት ነገር እንዲህ ነው፦ ሪፐብሊኩ ዛሬ አይመሠረትም፤ በ1918 የተመሠረተው ይቀጥላል፤ ሕገ መንግሥቱንም ሠላሳ ሰው ከምክር ቤቱ፣ ሠላሳ ሰው ከኮንግረሱ ተመርጦ ያረቃል። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ ድምፅ ተሰጠ፤ 69 እጅ ወጣ፤ አፈ ጉባኤው ዩሎ ኑጊስ መዶሻቸውን መቱ። በማግስቱ ወታደሮች የቴሌቪዥን ማማውን ለመያዝ ሞከሩ፤ ላይ ያሉት ሁለት ፖሊሶች እስከ መጨረሻው በሩን ዘግተው ቆዩ። መፈንቅለ መንግሥቱ ከሸፈ። አይስላንድ ነሐሴ 22፣ የየልትሲን ሩሲያ ነሐሴ 24፣ ራሷ ሶቪየት ኅብረት መስከረም 6 ዕውቅና ሰጡ፤ መስከረም 17 ኢስቶኒያ በተባበሩት መንግሥታት ተቀመጠች።

አድማጮቼ፤ ብዙ ተራኪዎች እዚህ ያቆማሉ። የመንግሥት ሠራተኛው ፈተና ግን በማግስቱ ጠዋት ይጀምራል። ገንዘቡ ሩብል ነው፤ ሩብሉ የሚታተመው በሞስኮ ነው። የ1992 ክረምት ከባድ ነበር፤ ዋጋ በየሳምንቱ ይንራል፣ ነዳጅና ምግብ ያጥራል፤ የሳቪሳር መንግሥት በጥር ወደቀ። እዚህ ላይ ሌላ የአሮጌው መሥሪያ ቤት ልጅ ብቅ ይላል፤ ሲም ካላስ። በሶቪየት ዘመን በገንዘብ ሚኒስቴር ሠርተዋል፣ የቁጠባ ባንኩን መርተዋል። በ1987 ከሦስት ሰዎች ጋር ሆነው ኢስቶኒያ ኢኮኖሚዋን ራሷ ታስተዳድር የሚል ሐሳብ በጋዜጣ አውጥተዋል። በዚህ ጊዜ የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ ነበሩ።

ሰኔ 20 ቀን 1992 ክሮን የተባለው ገንዘብ ወጣ። እያንዳንዱ ነዋሪ 1,500 ሩብል ብቻ በአሥር ሩብል አንድ ክሮን ሒሳብ መለወጥ ይችላል፤ ማለትም በነፍስ ወከፍ 150 ክሮን። ስምንት ክሮን በአንድ የጀርመን ማርክ ተመነ፤ ባንኩም ከኋላው ወርቅ ወይም የውጭ ምንዛሪ የሌለውን ክሮን እንዳያወጣ በሕግ ታሰረ። መነሻ የሆነው ከ1940 በፊት ሪፐብሊኩ በምዕራብ አገር ባንኮች ያስቀመጠው፣ አሁን የተመለሰለት ከ11 ቶን በላይ ወርቅ ነው። ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመው ቁጠባ ዋጋ አጥቷል፤ የጡረተኞቹ ሐዘን እውነተኛ ነበር። ገንዘቡ ግን ጸና። ይህን ሥራ ከአሮጌው ሥርዓት ውጪ ያለ ሰው ብቻውን ሊሠራው አይችልም ነበር፤ የትኛው ባንክ ምን ያህል ሩብል እንዳለው፣ የሞስኮ ሒሳብ እንዴት እንደሚዘጋ የሚያውቁት በዚያው ያደጉት ናቸው።

በአሮጌዎቹ ሹማምንት ላይ የሚሰጠው ፍርድም ወደ ሕዝብ ሄደ። ሕገ መንግሥቱ በ1992 ሰኔ ጸደቀ። ለከፍተኛ ሹመት የሚቀርብ ሰው ለወራሪው የጸጥታ አካል እንዳልሠራ እንዲምል ተደረገ፤ መሐላው እስከ 2000 መጨረሻ ጸንቶ ቆየ። ፓርቲ አባል መሆን ብቻውን ግን ሰውን ከሥልጣን አላገደም። ይህ ልዩነት ትክክል ይመስለኛል፤ ሰላዩንና የእርሻ ባለሙያውን በአንድ መዝገብ አልከተተም።

በመስከረም ለፕሬዚዳንትነት ከተወዳደሩት አንዷ ላግሌ ፓሬክ ነበሩ፤ የ1983ዋ እስረኛ። ድምፃቸው ከአምስት በመቶ አልሞላም። ሪዩቴል ወደ 42 በመቶ አግኝተው ቀዳሚ ሆኑ፤ ግማሽ ስላልሞሉ ውሳኔው ወደ ፓርላማው ሄደ፤ ፓርላማውም ሌናርት ሜሪን መረጠ። ሜሪ በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ሳይቤሪያ የተጋዙ ሰው ናቸው። ሪዩቴል ውጤቱን ተቀብለው ወጡ። ፓሬክም በአዲሱ መንግሥት የአገር ውስጥ ሚኒስትር ሆኑ፤ የትናንቷ እስረኛ ፖሊስን የሚያዙ ሆኑ ማለት ነው።

ቅድም አስታውሱልኝ ያልሁት ነገር አለ። በዚህ ምርጫ የተሳተፉት ከ1940 በፊት ዜጋ የነበሩትና ዘሮቻቸው ብቻ ናቸው። በ1991 ለነጻነት ድምፅ የሰጠ፣ በሶቪየት ዘመን የሠፈረ ሰው በ1992 መራጭ አልነበረም። በ1989 ቆጠራ ከነዋሪው ሠላሳ በመቶ ያህሉ ሩሲያዊ ነው፤ አብዛኛው ዜግነት አላገኘም፣ ቋንቋ ተፈትኖ ማመልከት ነበረበት። የሕጉ አመክንዮ ይገባኛል፤ ከኮንግረሱ ክርክር በቀጥታ የወጣ ነው። ሆኖም ነጻ ሁኚ ብሎ የመረጠላትን ሰው በር ላይ ያስጠበቀች አገር ዕዳ አለባት ብዬ አምናለሁ፤ ሹማምንቱም፣ ሪዩቴልም ጭምር፣ የዚህ ውሳኔ ተካፋዮች ናቸው።

በ2001 መስከረም ፓርላማው ፕሬዚዳንት መምረጥ ስላቃተው፣ የአካባቢ ምክር ቤት ተወካዮች የተጨመሩበት ጉባኤ ተጠራ። ጉባኤው በገጠሩ ተወካዮች ድጋፍ ሪዩቴልን በ186 ድምፅ መረጣቸው፤ ተፎካካሪያቸው 155 አገኙ። የቀድሞው የፕሬዚዲየም ሊቀ መንበር በ73 ዓመታቸው ወደ ካድሪዮርግ፣ ወደ ርዕሰ ብሔሩ መቀመጫ፣ ተመለሱ። በእሳቸው ዘመን፣ በ2004፣ ኢስቶኒያ በመጋቢት ኔቶን፣ በግንቦት የአውሮፓ ኅብረትን ተቀላቀለች። በ2005 ሞስኮ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ድል ስልሳኛ ዓመት ስታከብር ጠራቻቸው፤ አልሄዱም። በ1988 ለፍርድ ወደ ተጠሩባት ከተማ በ2005 ለክብር ሲጠሩ መቅረታቸው በአገራቸው ብዙ አከራክሯል። እኔ ትክክል ነበሩ እላለሁ፤ የ1940ው ወረራ ወረራ ተብሎ ባልተጠራበት በዓል ላይ የኢስቶኒያ ርዕሰ ብሔር መቀመጥ አልነበረበትም።

በ2006 በዚያው ዓይነት ጉባኤ እንደገና ተወዳደሩ። ያሸነፏቸው ቶማስ ሄንድሪክ ኢልቬስ ናቸው፤ ከስደተኛ ወላጆች በስቶክሆልም የተወለዱ፣ በአሜሪካ ያደጉ። ልዩነቱ አሥራ ሁለት ድምፅ ነበር፤ 174 ለ162። ሪዩቴል በጥቅምት ሥልጣኑን አስረክበው ወጡ። ያረፉት በ2024 ታኅሣሥ 31፣ በ96 ዓመታቸው ነው። በኢስቶኒያ ስለ እሳቸው ያለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም፤ የእስረኞቹ ቤተሰቦች የ1983ቱን ሪዩቴል፣ የገጠሩ ሰው የ1988ቱን ሪዩቴል ያነሣሉ፤ ሁለቱም የሚያነሡት እውነት ነው።